አራት በር ወይስ አምስት? ድሬ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ለማኖር የትኛው ያዋጣል

ባለፈው ክረምት እናታችን ግቢ ውስጥ ጉባኤ ተቀምጠን ነበር። አምስት ልጆች፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለ 200 ካሬ ግቢ፣ አንድ ያረጀ ቤት፣ አንድ ማንጎ። አጀንዳው አጭር ነው። ቤቱ ይፈርስና ምን ይሠራበት?

ታላቅ ወንድሜ ሁሌም በትልቁ ነው የሚያስበው። "ጂ ፕላስ ፎር እናቁምበት" አለ። የመጨረሻዋ እህታችን ደግሞ "አቦ ተዉን! ሰርቪስ ደርድረን እናከራይ" አለች። መሀል ያለነው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እንላለን። እናቴ ዝም ብላለች። ሙቀቱ ሲብስ የምትተኛበት አልጋ ማንጎው ሥር ተዘርግቷል። እሱ ላይ ተቀምጣ ታየናለች።

ወረቀት ማሯሯጡ ለእኔ ደረሰኝ። ቢሮ ስመላለስ፣ መሐንዲስ ሳናግር፣ የጎረቤት ግቢ ስለካ ወራት አለፉ። በመጨረሻ የገባኝ ነገር፣ ያን ቀን ሁላችንም የተጨቃጨቅነው በተሳሳተ ጥያቄ መሆኑን ነው። ስለ ፎቅ ቁጥር ስንጮህ ዋልን። መቅደም የነበረበት የበሩ ቁጥር ነው። ስንት በር፣ ማለትም ስንት ራሱን የቻለ ቤት፣ ይኖራል? እያንዳንዱ በር በማን ስም ይመዘገባል? ይህ ከተመለሰ ፎቁ ራሱ ቦታውን ይይዛል።

መጀመሪያ የፕላን ስምምነት

ብዙ ሰው ከዲዛይን ይጀምራል። ስልኩ ላይ ያየውን ቪላ ይዞ መሐንዲስ ጋ ይሄዳል፣ ይከፍላል፣ ከዚያ ማዘጋጃ ሲደርስ "እዚህ ቦታ ላይ ይሄ አይፈቀድም" ይባላል። አንድ የማውቀው ሰው ሙሉ ዲዛይን አሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የመንገዱ መስመር ግቢው ውስጥ ሦስት ሜትር እንደሚገባ የሰማው። ዲዛይኑ አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። አንዱ መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ከተማውን በሙሉ በጥቅል ያሳያል። ሌላው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ እሱ ሰፈር ውስጥ፣ መንገድ ለመንገድ ይገባል። ግቢያችሁ በዚህ ካርታ ላይ ቀለም አለው። መኖሪያ ሊሆን ይችላል፣ ቅይጥ ሊሆን ይችላል፣ ንግድ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። አንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ግቢዎች የተለያየ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል። "ጎረቤቴ አራት ፎቅ ሠርቷል፣ እኔስ?" የሚለው ክርክር ስለዚህ ብዙ አያስኬድም።

የእናንተን ግቢ የሚመለከተው ተለይቶ የሚጻፍበት ወረቀት የፕላን ስምምነት ይባላል። የይዞታ ካርታችሁን ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። ሲሰጣችሁ አራት ነገር ፈልጉበት፦ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ፣ ስንት ፎቅ ድረስ እንደሚያስኬድ፣ ከግቢው ስንት በመቶው ብቻ በቤት እንደሚሸፈን፣ ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ።

ሽፋኑን ብዙ ሰው አያየውም። ግቢው 200 ካሬ ሆኖ ሽፋኑ 50 በመቶ ነው እንበል። መሬት ላይ የሚያርፈው ቤት 100 ካሬ ብቻ ነው ማለት ነው። ደረጃው፣ ጥበቃ ቤቱ፣ ከኋላ ያለችው ኩሽና ሁሉ ከዚህ ሊቆጠር ይችላል። እኛ ግቢ ያለው አሮጌ ሰርቪስ ብቻውን 30 ካሬ ገደማ ይይዛል። እሱን ሳያፈርሱ አዲስ ቤት ማሰብ ቁጥሩን ያበላሸዋል። ይህን ለታላቅ ወንድሜ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ካርታው ላይ ደግሞ ነባር ይዞታ (ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ) ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተወሰደ) የሚለውን እዩ። ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንዳለ ይቀጥላል። በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ሦስተኛ ወገን እጅ ከገባ ግን በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት አዲሱ ባለቤት የሚይዘው በሊዝ ነው። ለልጆች የሚከፈል ቤት ከሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሊዝ ከሆነ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለ። አዋጁ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር ነው ያስቀመጠው። ማራዘሚያ ይኖራል፣ ግን ብር እስኪገኝ ብሎኬት ከምሮ መቀመጥ አይቻልም።

ሰርቪስ መደርደር

ድሬ ላይ ይሄ የተለመደው መንገድ ነው። ዋናው ቤት ባለበት ይቆያል። ከአጥሩ ጥግ ጀምሮ አንድ አንድ ክፍል ይደረደራል፣ በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ዋጋው ይቀላል፤ ቶሎ ያልቃል፤ ኪራዩም ቶሎ ይጀምራል።

ፈቃዱም ከሌላው ይቀላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ከፍሏል። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ምድብ "ሀ" ውስጥ ይገባል። የሚጠየቀው ባለሙያና ወረቀት ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ሆኖም ቀላል ነው ማለት ያለ ፈቃድ ይሠራል ማለት አይደለም። "ጭቃ ቤት ስለሆነ አይመለከተኝም" ብለው የጀመሩ ሰዎች ግድግዳው ጣሪያ ሳይደርስ ሲያፈርሱ አይቻለሁ። አዋጁ ከወጣ ቆይቷልና ማመልከቻ የምታስገቡበት ቀን የሚሠራበትን ማሻሻያ እዚያው ጠይቁ።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። አጥር ላይ የተለጠፈ ክፍል ጀርባው ድፍን ነው፤ ወደ ጎረቤት መስኮት አይከፈትም። ንፋሱ በበሩ ገብቶ በበሩ ይወጣል፣ ያውም ከገባ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ አይቻልም። ተከራዩ ፍራሹን ይዞ ግቢ ይወጣል። አሥር ክፍል ካላችሁ አሥር ፍራሽ ይወጣል። ያኔ ግቢው የእናንተ መሆኑ ያበቃል።

ሽፋኑንም ቶሎ ይበላዋል። ሰርቪስ ወደ ጎን ነው የሚያድገው። ሁሉም መሬት ላይ ያርፋል። በኋላ "አሁን ፎቅ እንሥራ" ስትሉ ቦታው አልቋል።

ኪራዩን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አንብቡ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቅድም። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪውም እንደ ድሮው "ከመጪው ወር ጀምሮ" ተብሎ የሚነገር አይደለም፤ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው በሚያወጣው መጠን ነው። የስድስት ወር ቀብድ ተቀብዬ ጣሪያውን አለብሳለሁ ብሎ ያቀደ ሰው እቅዱን ይከልስ።

ለማን ይሆናል? ብሩ ትንሽ ለሆነበት፣ ቤቱን ለመከፋፈል ለማያስብ፣ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ነገር ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው። ለእኛ አልሆነም።

ጂ+1 ወይም ጂ+2፣ በአንድ ስም

ሁለተኛው መንገድ ፎቅ ሠርቶ ካርታውን በአንድ ሰው ወይም በጋራ ስም መተው ነው። ሦስት ወይም አራት በር ይኖረዋል። አንዱ ይኖርበታል፣ ሌላው ይከራያል።

ሁለት ፎቅ ሲሆን ምድቡ "ለ" ይሆናል። የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የመብራትና የውሃ ዲዛይን በተመዘገበ ባለሙያ ይሠራል። ወጪው ይጨምራል፣ ግን ይሄ ላይ ብር ለመቆጠብ መሞከር ቂልነት ነው። ድሬ ስምጥ ሸለቆው ዳር ያለች ከተማ ናት። በ2017 ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሰነበተውን ሁላችንም እናስታውሳለን። "ለጊዜው ምድር ቤቱን ልሥራ፣ ፎቁን በኋላ እጨምራለሁ" የሚል ሰው መሠረቱንና ኮለኑን ከመጀመሪያው ለፎቁ ማስላት አለበት። በብሎኬት ግድግዳ ላይ የቆመ ቤት ላይ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለል፣ መጨመር እንዲሁ በድፍረት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

አሁን ስለ 12 ሜትር። የሕንፃ አዋጁ ከመሬት ወለሉ በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃን ምድብ "ሐ" ውስጥ ያስገባዋል። እዚያ ሲገባ የሚያስፈልገው ባለሙያ፣ ቁጥጥርና ወረቀት ሁሉ ይከብዳል። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? አራት ወለል 12 ሜትር ውስጥ ለማስገባት ቁመቱን ይቀንሳል። 2.90 በ4 ሲባዛ 11.60 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ውስጡ ግን ሶሌታና ወለሉ ሲቀነስ ከ2.70 ብዙም አይተርፍም። ቀዝቃዛ ከተማ ላይ ምንም አይደል። ድሬ ላይ ግን ሙቀቱ አናታችሁ ላይ ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ፎቅ ደግሞ ምድጃ ነው።

ከዚራ ያሉትን የባቡር ድርጅቱን አሮጌ ቤቶች ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ኮርኒሱ ሩቅ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው። በረንዳው በዙሪያው ይሄዳል። የሠሩት ሰዎች አየሩን አይተው ነው የሠሩት። እኔ በበኩሌ ከአራት አጭር ወለል ሦስት ረጅም ወለል እመርጣለሁ። 3.40 በ3 ሲባዛ 10.20 ነው። ሰገነቱ ላይ አንድ ሜትር መከለያ ቢጨመር እንኳ 12 አይደርስም። ምድቡም "ለ" ሆኖ ይቀራል፣ ሰውም ይተነፍሳል።

በዚህኛው አማራጭ የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። አራት በር አለ፣ አንድ ካርታ አለ። ወላጅ እስካለ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ የጋራ ንብረት ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ተነስቶ "ይከፈል፣ ካልተቻለ ይሸጥ" ማለት ይችላል። አንድ በር ለብቻው ነጥሎ መሸጥ ወይም ባንክ ማስያዝ ደግሞ አይቻልም፤ ለየብቻው ካርታ የለውማ። ግቢውን ራሱን ሸንሽኖ ለየብቻ ካርታ ማውጣትም ከተማው ካስቀመጠው ትንሹ ስፋት በታች አያስኬድም፣ 200 ካሬ ደግሞ ተከፍሎ የት ይደርሳል።

መጋላ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የቀረ ቤት አውቃለሁ። ታችኛው ወንድም ቀለም ይቀባል፣ ላይኛው አይቀባም። ደረጃው የማንም አይደለምና አምፖሉ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል። ሁለቱም በየቤታቸው ችቦ የሚያህል ባትሪ አላቸው።

አምስተኛው በር

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። ኮንዶሚኒየም ስንል ብዙዎቻችን የመንግሥት ዕጣ ብቻ ነው የሚመስለን። አዋጁ ግን የሚናገረው ስለ ዕጣ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ማለት በተናጠል በባለቤትነት የተያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች፣ እንዲሁም የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉት ፎቅ ወይም ተጓዳኝ ቤት ነው ይላል። ተጓዳኝ የሚለውን ልብ በሉ። የግድ ወደ ላይ መቆለል የለበትም፤ ጎን ለጎን የተያያዙ አምስት ቤቶችም ይሆናሉ።

እንግዲህ አራት በርና አምስት በር መካከል ያለው ልዩነት አንድ በር ብቻ አይደለም። ሕጉ ራሱ ይለወጣል። በአምስተኛው በር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ሰነድ ይኖረዋል። የሚሸጥ ይሸጣል፣ ባንክ የሚያስይዝ ያስይዛል፣ ሌላው አይነካም። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የውሃ መስመሩ የጋራ ሆኖ ይመዘገባል። የእያንዳንዱ ድርሻም ይጻፋል። የባለቤቶች ማኅበር ይቋቋማል፣ መዋጮ ይሰበስባል። የደረጃው አምፖል ባለቤት ያገኛል ማለት ነው።

አምስት በር ሠርቶ ሁሉንም በአንድ ሰው ስም ማድረግ ግን ወደዚህ አያስገባም። በተናጠል የተያዙ ነው የሚለው።

የሚከብደውም እዚሁ ነው። ቤተሰብ ማኅበር ሲሆን ቀልድ ይቀንሳል። በግ የሚያስር እህት፣ ሰገነት ላይ እርግብ የሚያረባ ወንድም፣ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹን ሰብስቦ በርጫ የሚቀመጥ አማች፣ ሁሉም መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቦታ ይፈልጋሉ። እኛ ደንቡን ስንጽፍ ከሁሉ በላይ ያከራከረን የመኪና ማቆሚያ መሰላችሁ? ልብስ ማስጫ ነው።

ሌላው፣ ፕላን ስምምነቱ ላይ አምስት ቤት የሚያስገባ ስፋት መኖር አለበት። በእኛ 100 ካሬ ወለል ላይ ምድር አንድ ሰፊ ቤት፣ አንደኛ ፎቅ ሁለት፣ ሁለተኛ ፎቅ ሁለት ብለን አምስት አገኘን። ደረጃው ሲቀነስ የላዮቹ እያንዳንዳቸው 40 ካሬ ትንሽ ቢያልፉ ነው። ለወጣት ባልና ሚስት ይበቃል። ሦስት ልጅ ላለው ይጠባል።

መንገድ ዳር የሆነና ፕላኑ ቅይጥ የሚል ሰው ምድር ቤቱን ሱቅ ማድረግ ያምረዋል። ሊዝ ከሆነ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቅ። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች የንግድ ሊዝ ግን 70 ነው። አገልግሎት መለወጥ ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ሱቁን ከፍቶ በኋላ ማስፈቀድ የሚባል ነገር ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ እኔ አልመክርም።

ለአልሚ መስጠት፣ ወይም ሸጦ መውጣት

እነዚህን ሁለቱን ባጭሩ ልለፍ።

አልሚ ሲመጣ ወሬው ጣፋጭ ነው። መሬቱ ከእናንተ፣ ግንባታው ከእሱ፣ ቤቱን ተካፋይ። ለ200 ካሬ ግቢ የሚመጣ አልሚ ብዙም የለም፤ ከጎረቤት ጋር ሲያያዝ ነው ዓይኑ የሚከፈተው። ከመጣ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መመዝገብ አለበት። ሰርግ ላይ በመጨባበጥ የተጀመረ ነገር አያዛልቅም። ከሁሉ በላይ መሸጥ መለወጥን የሚጨምር ሙሉ ውክልና እንዳትፈርሙ። ሥራውን ለማስፈጸም የሚበቃውን ብቻ ስጡት።

ነባር ይዞታና ሊዝ ጎን ለጎን ሆነው ይቀላቀሉ ከተባለ ደግሞ ሁሉም ወደ ሊዝ ይገባል። ከጎረቤት ጋር ለመቀላቀል የምታስቡ ይህን አስቀድማችሁ አስሉ።

ሽያጩ ቀላሉ ነው። ሸጦ ለእያንዳንዱ ማካፈል፣ እናትን ኮንዶሚኒየም ማስገባት። ወረቀት ላይ ጠብ የለውም። ግን የለመድነው ኮንዶሚኒየም ጂ+4 ሆኖ ሊፍት የለውም። የእናቴ ጉልበት ደግሞ የሳቢያንን ሦስት ደረጃ በረንዳ እንኳ በምርቃት ነው የሚወጣው። ምድር ቤት ካልተገኘ ይህን ሐሳብ ተዉት።

ሰፈር ለሰፈር

ድሬ አንድ ዓይነት ከተማ አይደለችም። ባቡሩ በ1895 ሲደርስ ከዚራ በፕላን ተነጠፈ። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በረድፍ። መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በራሱ መንገድ አደገ፤ ጠባብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ግድግዳ ከግድግዳ የተጣበቀ። ስለዚህ አንዱ ሰፈር ላይ ያዋጣው ሌላው ላይ አያዋጣም።

ከዚራ ግቢ ያለው ሰው መጀመሪያ ቤቱ በቅርስነት መመዝገብ አለመመዝገቡን ይጠይቅ። ከተመዘገበ ማፍረስም ማደስም የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። ያልተመዘገበም ቢሆን፣ የደጁን ዛፍ ቆርጦ መግቢያ መክፈት ከጎረቤት ጋር የሚያኗኗር አይደለም።

መጋላና ቀፊራ አካባቢ የሚያስቸግረው ግንባታው ራሱ ነው። ሲሚንቶና ብረት የጫነ መኪና ደጅ አይደርስም። በጋሪና በሰው ጀርባ ይገባል። መሠረት ስትቆፍሩ የጎረቤት ግድግዳ እናንተ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ነው የቆመው። ከመቆፈራችሁ በፊት ያለውን ስንጥቅ አብራችሁ ፎቶ አንሱ። በኋላ "ይሄ ድሮም ነበር" "አልነበረም" የሚባለው ክርክር ማለቂያ የለውም።

ደቻቱ ዳር የሆነ ቦታ ላይ ግን ስለ ፎቅ አታስቡ፤ መጀመሪያ ስለ ውሃው አስቡ። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነገድበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። "ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተሠርቷል" የሚል ደላላ አይጠፋም። እሺ በሉት፣ ከዚያ ፕላን ቢሮ ሄዳችሁ ቦታው ከወንዙ መጠበቂያ ርቀት ውጭ መሆኑን በወረቀት አስነግሩ። እኔ ብሆን ዳሩ ላይ ምድር ቤት መኝታ አልሠራም።

ሳቢያን ይሻላል። ግቢው ሰፋ ያለ ነው፣ መንገዱ መኪና ያስገባል። ግን ሳቢያን የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት አካባቢ ነው። ይህ ወደሚቀጥለው ነገር ይወስደኛል።

ጉድጓዱ

ስለዚህ ነገር ማንም ማውራት አይወድም። እኛ ስብሰባ ላይም ማንም አላነሳውም።

ድሬ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። ውሃው ድንጋይ ያበዛል፣ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ፍሳሻችንም የሚወርደው እዚያው መሬት ውስጥ ነው፤ በየግቢው ጉድጓድ። አንድ ቤተሰብ ያለበት ግቢ ላይ አምስት ቤተሰብ ስታስገቡ ጉድጓዱም በዚያው ልክ ይጨነቃል። ስሌቱን እንሞክር። አምስት ቤት፣ በቤት አምስት ሰው፣ ሰው በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም 1,500 ሊትር ነው። በሳምንት ከ10,000 ሊትር ይበልጣል። ለአያታችን ሽንት ቤት የተቆፈረው ጉድጓድ ይህን አይችለውም።

ስለዚህ ሴፕቲክ ታንኩ ለሁሉም በር ተሰልቶ ይሠራ። ታችኛው ክፍል በኮንክሪት ይደፈን እንጂ አፈር ላይ አይተው። ክዳኑ ደግሞ መምጠጫው መኪና ቆሞ ቱቦው የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ይህን የረሳ ግቢ አይቻለሁ። ጉድጓዱ ከቤቱ ጀርባ ነው። ቱቦው በሳሎን በኩል ነው የሚያልፈው። በየጊዜው፣ ምንጣፍ ተነስቶ፣ በሳሎን በኩል።

የመጠጡም ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ያስፈልጋል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ ሁለት ቶን ነው። አምስት ቤት አምስት ሮቶ ሰገነት ላይ ልስቀል ካለ አሥር ቶን ሰቀለ። ይህ ለስትራክቸር መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ይነገር፤ ሶሌታው ከደረቀ በኋላ የሚነገር አይደለም። ቆጣሪውንም ለእያንዳንዱ በር ለይታችሁ አስገቡ። በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤተሰብ የሚከፍልበት ግቢ በየወሩ መጨረሻ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።

ታዲያ የቱን?

ብሩ ትንሽ ሆኖ ለጥቂት ዓመታት ገቢ ብቻ የፈለገ ሰው ጥቂት ሰርቪስ ሠርቶ መሀሉን ባዶ ይተው፤ አጥሩን ዞሮ አይደርድር። አንድ ልጅ ያለው ወይም ቤቱን ለማንም የማይከፍል ሰው ጂ+1 ሠርቶ በአንድ ስም ቢይዘው ኮንዶሚኒየም ምን ያደርግለታል? ውጣ ውረዱ ብቻ ነው የሚተርፈው። ሦስት አራት ወራሽ ያለው ሰው ግን ቆም ብሎ ያስብ። አራት በር ላይ ሊያቆም ነው? ፕላኑ ከፈቀደ አምስተኛዋን በር ትንሽም ብትሆን ቢያስገባት እያንዳንዱ የየራሱን ወረቀት ይዞ ይወጣል። ያችን አምስተኛ በር መሸጥም ይቻላል፤ የግንባታውን ዕዳ ታቀላለች።

ተደራጅቶ በማኅበር መሥራትም አለ። እሱ ግን የራሱ ጉድ ያለው ነገር ነውና ሌላ ቀን።

የእኛው ነገር የደረሰበትን ልንገራችሁ። ጂ+2፣ አምስት በር ተባለ። ምድሩ በእናቴ ስም፣ የላዮቹ አራቱ በአራታችን። ጂ ፕላስ ፎር ያለው ታላቅ ወንድሜ ድርሻውን በብር ልውሰድ ብሎ ወጣ። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ በዚያ ላይ ልብስ ማስጫው ሰልችቶታል።

መሐንዲሱ ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን ንድፍ ይዞ መጣ። ማንጎው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። መምጠጫው መኪና ከበሩ ገብቶ የሚቆምበት ሳይቀር ተሥሏል። ሴፕቲክ ታንኩ ማንጎው ያለበት ቦታ ላይ ነው። እናቴ መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ ብዙ አየችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችና "እስኪ እርሳሱን አምጣው ልጄ" አለችው።